ሰጋቱራው የምን እንጨት ነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ማዳበሪያ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ አናጺው ቤት እወርዳለሁ። ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ማለቴ ነው። ማሳ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ ሲያልቅ ስሙን ለጆንያው አውርሶት ስለሚሄድ፣ እኛ የአማኑኤል ከተማ ሰዎች ድንቹንም ከሰሉንም ገለባውንም በ«ማዳበሪያ» ነው የምንቆጥረው። አናጺው ከመጋዙ ሥር የተከመረውን በአካፋ ይዝቅልኛል፤ አፉን በሲባጎ እቋጥርና ተሸክሜ ሽቅብ ወደ ቤት። ሃምሳ ጫጩቶች አሉኝ። የእነሱ ጉዝጓዝ ነው።

ይህን ሳደርግ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ «የምን እንጨት ሰጋቱራ ነው?» ያለኝ ሰው የለም፣ እኔም አናጺውን ጠይቄው አላውቅም። ሰጋቱራ ሰጋቱራ ነው። ቃሉ ራሱ ከማኪያቶና ከጎማ ጋር ጣልያን ጥሎልን የሄደው ነው። አያቶቻችን እንጨት አይሠሩም ነበር ማለት አይደለም፤ ግን በመጥረቢያና በፋስ የሚሠራ ሰው ፍልጥና ፍቅፋቂ እንጂ ዱቄት እምብዛም አይወጣውም። ዱቄቱ ከነስሙ ከመጋዙ ጋር መጣ ይመስለኛል። አንድ ስም ስለመጣለት ሁሉም እንጨት ተፈጭቶ አንድ ሆነ።

ነገሬ የተበላሸው ባለፈው ጥቅምት ከሚኒሶታ ስልክ የተደወለ ዕለት ነው።

የእህቴ ልጅ እዚያ ይማራል። በቪዲዮ ነበር የደወለው። «አጎቴ፣ አንድ ነገር ላሳይህ፤ ግን እማዬ እንዳታይ» አለኝ። እማዬ የሚላት እናቴን ነው። እናቴ ደግሞ እሱ ከደወለ ከኋላዬ ሳትቆም ቀርታ አታውቅም።

ያሳየኝ የመስታወት ሣጥን ነው። ከላይ መብራት ተንጠልጥሎለታል። ከውስጡ ነጣ ያለ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ በመላጊያ የተላገ፣ እንደ ሠርግ ቤት ቄጠማ ጉዝጉዝ ብሏል። ጉዝጓዙ ተነቃነቀና ከሥሩ አንድ ብርቱካናማ ራስ ብቅ አለ።

እናቴ «በስመ አብ ወወልድ» ብላ ጀመረች፤ ጸሎቱን የጨረሰችው ጓዳ ገብታ ነው።

ልጁ እባብ ገዝቷል። እንደ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ በካርቶን ተሸክሞ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ነው ያመጣው። የበቆሎ እባብ ይባላል አለኝ። እኔ በበቆሎ አገር ተወልጄ በቆሎ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በእኛ በቆሎ ውስጥ ያየሁት እባብ ሁሉ ስም ሳይወጣለት ነው በዱላ የተሸኘ። የእሱ ግን መርዝ የለውም፣ አይጥ ብቻ ነው የሚበላ፣ ከተመቸው 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። አይጡን ደግሞ በረዶ ሆኖ ከሱቅ ይገዛለታል። እናቴ ከጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ «አይጥ? በገንዘብ?» አለች። እኛ ቤት ጣራው ሥር ሌሊቱን ሙሉ የሚሮጠው ሀብት ትዝ ብሏት መሆን አለበት።

የደወለልኝ ግን እባቡን ሊያሳየኝ አልነበረም፤ ሊያማክረኝ ነው። እኔን፣ እንጨት አገር ያለሁትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እባቡን የገዛ ዕለት ጉዝጓዝ ሊገዛለት ገብቶ፣ ከተደረደሩት ከረጢቶች ሁሉ ሽታው ደስ ያለውን መርጧል። ቀላ ያለ፣ ቀዳዱን ሲያሸቱት የቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚሸት። አንጥፎለት ተኛ። በነጋታው እባብ የሚያረባ ጓደኛው መጥቶ ሣጥኑን ከፍቶ አሸተተና ጮኸበት። ወዲያው አራግፈው ጣሉት። «አጎቴ፣ ሽታው ስላማረኝ ልገድለው ነበር» አለኝ። ድምፁ የምር የተጸጸተ ሰው ድምፅ ነው። አያቱ የኮሶ መድኃኒት አጠጥታ ያሳደገችው ልጅ!

ከረጢቱ ላይ «ሴዳር» ይላል። ሴዳር መጽሐፍ ቅዱሳችን ዝግባ የሚለው ነው ብዬ፣ እናቴም እንዲገባት ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። «የሊባኖስ ዝግባ? ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራበት?» አለች ብቅ ብላ። አዎ አልኳት። «እና እሱ ነው እባቡን የማይስማማው?» አዎ። እናቴ ፊቷ በራ። «ታዲያ ምን ይገርማል! ቅዱስ እንጨት ነዋ! ሰይጣን እንዴት ብሎ ይተኛበታል?»

ለዚህ መልስ የለኝም። እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

በኋላ ግን ነገሩን ስከታተለው ከእናቴ ትርጓሜ ይልቅ የኔ ትርጉም ነው የተሳሳተው። አሜሪካኖች ከረጢት ውስጥ ከትተው ሴዳር ብለው ከሚሸጡት ዋነኛው ዝግባም አይደለም፣ የሊባኖሱም አይደለም። ጥድ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ የሚበቅል የጥድ ዘር፣ የእኛው ጥድ የአጎት ልጅ። የእኛውንም ፈረንጆቹ እርሳስ መሥሪያ ስለሚሆን «የአፍሪካ የእርሳስ ሴዳር» ይሉታል። እንግዲህ ያ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሽታ የልጁ ናፍቆት የፈጠረው አልነበረም፤ በእርግጥም የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሽታ ነው። ልጁ ሚኒሶታ ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ሳያውቀው፣ በ28 ቀን ከአያቱ ጋር የሳመውን ግቢ ነው ከነከረጢቱ የገዛው።

እና ያ ሽታ ለምን ይገድላል? ጥድ ዘይቱን የሚያመነጨው ለእኛ አፍንጫ ብሎ አይደለም። ምስጡን፣ ነቀዙን፣ ሻጋታውን ሊያባርርበት ነው። የጥድ ቋሚ ያቆመ አባት ልጁ እስኪያረጅ ምስጥ የማያስቸግረው ለዚህ ነው፤ ይህን አማኑኤል ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። ምስጥን ያስኮበለለ ሽታ ጠባብ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ከላይ መብራት ሲሞቅበት ይተናል፤ እባቡ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በደረቱ ተኝቶበት ይስበዋል። የሚስበውም በአንድ ሳንባ ነው። አብዛኛው እባብ የሚሠራለት የቀኙ ሳንባ ብቻ ነው፤ የግራው ወይ ጨርሶ የለም፣ ወይ ለምልክት ያህል ቀርቷል። አካሉ ቀጭን ነዋ፤ ለሁለት የሚሆን ስፍራ ከየት ያምጣ።

አሁን ያነጠፈለት ነጣ ያለው አስፐን ይባላል። ሚኒሶታ ውስጥ እንደ እኛ ባህር ዛፍ በየሜዳው ይበቅላል አሉ፤ ለስለስ ባለች ነፋስ ቅጠሉ የሚንቀጠቀጥ ዛፍ ነው። ምንም አይሸትም። እባቡ ዋሻ ቢቆፍርበት አይናድበትም። ከረጠበ ብቻ ይሻግታል። የማይሸት፣ የማያምር፣ ፈሪ እንጨት። ለእባብ የተገኘው እሱ ሆነ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ያገራችን ሰው እባብንና የእንጨት ልጣጭን አንድ ላይ ያነሣው ለድንጋጤ ብቻ ነው። የእኔ የእህት ልጅ እባቡን ራሱን ልጡ ላይ አስተኝቶ እንዳይበርድበት መብራት ያበራለታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል» ብዬ እመክረው ነበር፤ ዱላውን እንኳ መልሰህ አትያዝ ማለት ነው እኮ።

ግን ከእባብ ጋር ያለን ነገር ሁልጊዜ በዱላ አልነበረም። በአፈ ታሪካችን የአክሱም የመጀመሪያው ንጉሥ አርዌ የተባለ ዘንዶ ነው። ሕዝቡ ከብትና ፍየል፣ ሲብስም ልጃገረድ ይገብርለት ነበር፤ በኋላ አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ገደለው ይባላል። እንግዲህ እባብ ቤቱ አስቀምጦ በመመገብ የእህቴ ልጅ የመጀመሪያው አይደለም፤ ልዩነቱ ያኔ ሣጥኑ ውስጥ የነበርነው እኛ መሆናችን ነው። በሌላ በኩል አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን የወጡት ዘንዶ ጅራቱን ዘርግቶላቸው ነው። ይህን ሁለተኛውን ለእናቴ ጥብቅና እንዲሆነኝ አነሣሁላት። «እሱ ታዞ ነው። የዚህን ልጅ እባብ ማን አዘዘው?» ብላ ዘጋችው።

የባሰው የመጣው ማታ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ፣ የልጁ እናት፣ ወሬው ደርሷት ደወለች። ታለቅሳለች። «ልጄ አማኑኤል ካልገባ አይድንም!» እናቴ ስልኩን ነጥቃኝ «እሱማ ሄጄ ተስያለሁ፤ አማኑኤል ይደርስለታል» አለቻት። እህቴ በአዲስ አበባ ቋንቋ የአእምሮ ሆስፒታሉን ማለቷ ነው፤ እናቴ ደግሞ ታቦቱን። እኔ መሀል ሆኜ ዝም አልኩ። ከዚህ ከተማ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፦ አዲስ አበባ ላይ «ከየት መጣህ?» ተብሎ «ከአማኑኤል» ያለ ሰው፣ ጠያቂው ወንበሩን ትንሽ ገፋ ሲያደርግ አይቷል። «ማቻከል፣ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ስትሄድ» ብሎ እስኪጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የነሣኝ እባቡ አይደለም፤ ሃምሳዎቹ ጫጩቶች ናቸው። አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ለአንድ እባብ የምን እንጨት ነው ብሎ ሲጨነቅ፣ እኔ ሃምሳ ነፍስ በምን ላይ እንዳስተኛሁ አላውቅም። እባብ ቢታመም አንድ ሳንባ ነው፤ እኔ ዘንድ መቶ ሳንባ ነው ያለው።

ተነሥቼ በባትሪ ሄድኩ። ጫጩቶቹ የእንስሳት ባለሙያዎች ሃይቦክስ በሚሉት፣ ዙሪያውን ገለባ በታጨቀበት ሣጥን ውስጥ ተጠጋግተው ተኝተዋል። ከሥራቸው ዘግኜ አሸተትኩ። ወይራ ሸተተኝ። ይህ ደግሞ የእናቴ ሥራ ነው። ጋኑንም ማሰሮውንም በወይራ ጭስ እያጠነች የኖረች ሴት፣ የጫጩት ሣጥን ሳይታጠን እንዴት ይደር? ሰሞኑን ያስነጥሳሉ ብዬ ክትባት ስጠይቅ ሰንብቻለሁ እኮ።

ቅዳሜ ደረሰ። ማዳበሪያዬን ይዤ ወረድኩ። አናጺው አካፋውን ሲያነሣ «ቆይ» አልኩት። «ይህ የምን እንጨት ነው?»

አካፋው አየር ላይ ቀረ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ከኋላዬ ሰው መኖሩን፣ ከዚያ ወደ መንገዱ። «ማነው የጠየቀ?» አለ።

የጥያቄዬ ክብደት የገባኝ ያኔ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከከለከለ ወዲህ፣ አናጺ ቤት ቆሞ «የምን እንጨት ነው?» የሚል ሰው ደንበኛ አይደለም። «የዋንዛዋ ከገበሬ ጓሮ ናት፤ እሱው ተክሎ እሱው ያሳደጋት ናት፤ ሰውየውን ልጥራልህ?» አለኝ በአንድ ትንፋሽ። የስንት ዓመት ወዳጄ አንቱ ሊለኝ ምንም አልቀረው።

«ኧረ ለጫጩቶቹ ነው» አልኩት።

«ጫጩት መቼ ነው እንጨት መለየት የጀመረች?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ላስረዳው ብዬ «ይኸውልህ፣ የእህቴ ልጅ እባብ አለው...» ብዬ ጀመርኩ። መጋዙን የሚያንቀሳቅሰው ረዳቱ ማሽኑን አጠፋ። ሁለት ወንበር የሚጠብቁ ሰዎች ተጠጉ። አንዱ «አማኑኤል ይድረስልህ» አለኝ። የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አናጺው ግን አልሳቀም። የምን እንጨት እንደሆነ መጠየቅ፣ ለካ፣ አናጺን ስለ ልጆቹ እንደመጠየቅ ነው። ክምሩ ዘንድ በርከክ አለና በሁለት እጁ እየዘገነ ያስተምረኝ ጀመር። ይህ ቡናማው ዋንዛ ነው፤ በርና አልጋ የሚሆን፣ ከበሮም የሚሆን፤ አይሸትም ማለት ይቻላል። ይህ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው፤ አሁን ግን አማኑኤል ላይ ባለቤት ሆኖ እኛን እንግዳ አድርጎናል። «ይህን ቅጠሉን ነው ለጉንፋን የምትታጠነው፤ ግንዱ ያን ያህል የለው» አለኝ። ይህ ጥድ ነው። አሸተትኩት። ሚኒሶታ ሸተተኝ።

ከዚያ ከአንድ ጥግ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ፣ አመድ የመሰለ አነሣ። «ይኸ ደግሞ እንጨት አይደለም። ኤምዲኤፍ ነው። ዱቄትና ሙጫ አብኩተው የጋገሩት ነው። የቁም ሣጥን ሲያዙኝ ነው የምቆርጠው።» ይህን ሲል ሳለ። የሳለው ግን በቃሉ ምክንያት አይደለም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሲስል ነው የማውቀው፤ ሳሉን እንደ መጋዙ ድምፅ ከቤቱ ዕቃ ቆጥሬው ኖሬያለሁ።

«እና እዚያ አገር» አለ አፉን በክንዱ እየጠረገ፣ «እባቡ እንዳይስል ነው እንጨት የሚመረጥለት?»

አዎ አልኩት።

«ሳንባው ስንት ነው አልከኝ?»

«አንድ።»

ረዳቱን አየው። ረዳቱ ቅንድቡ ድረስ ነጭ ነው፤ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ይመስላል። «ሰማህ?» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ሁለቱም ሳሉ።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መዝገብ ውስጥ ያስገባው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 ነው። ይህን አንብቤዋለሁ። ለአናጺው ግን አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? ነግሬውስ ማዳበሪያዬን አስሞልቼ ልሄድ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አንድ ፓኮ የአፍ መሸፈኛ ወሰድኩለት። በጣም አመሰገነኝ።

የጫጩቶቹ ነገር ተስተካክሏል። የመላጊያውን ፍቅፋቂ፣ የዋንዛውን ብቻ ነው የምወስደው፤ የመጋዙን ዱቄት ተውኩት። የላመውን ትንንሾቹ ምግብ እየመሰላቸው ይለቅሙታል፤ ለዚህም የመጀመሪያውን ጥቂት ቀን ከላዩ ጋዜጣ አነጥፍላቸዋለሁ። የረጠበውን ቶሎ አወጣለሁ፤ ካልወጣ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ያመጣል። እናቴ በወይራው ነገር አኩርፋለች። «ለእባቡስ ቅዱስ ስለሆነበት ነው አልን፤ ዶሮ ምን ኃጢአት አላት?» ብላት ጥቂት አሰበችና «ጴጥሮስን ያሳጣው ማነው?» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ደወለ። እናቴ አሁን አትሸሽም፤ ከሩቅም ቢሆን ታየዋለች። «ያ እንስሳህ ደኅና ነው?» ደኅና ነው። «ጉዝጓዙ ተቀየረለት?» ተቀየረለት እማዬ። ከዚያ ድንገት «አንተስ ምን ላይ ነው የምትተኛ?» አለችው።

ልጁ ስልኩን አዞረው። የእባቡ የመስታወት ቤት እግር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከጎኑ መሬት ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል። አልጋ የለም። ፍራሹ ላይ ደብተር፣ ካልሲ፣ አንድ ሰሐን።

እናቴ ብዙ ቆየች። እኔንም እህቶቼንም መደብ ላይ ጅንዲ አንጥፋ፣ በበረደን ጊዜ አጎዛ ደርባ ያሳደገች ሴት ናት። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ነጭ የበግ አጎዛ ገዝታ መጣች፤ አሁን የምንፈልገው አሜሪካ የሚሄድ ሰው ነው። «ለልጁ ነው በሉት» ብላ አስጠንቅቃናለች፤ «ደግሞ ለዚያኛው እንዳያነጥፍለት።»

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ማዳበሪያዬን ይዤ አናጺው ዘንድ ወረድኩ። የሰጠሁት የአፍ መሸፈኛ ግድግዳው ላይ በሁለቱ ጆሮው ተንጠልጥሎ፣ ሆዱ በአምስት ቁጥር ምስማር ተሞልቷል። አናጺው ከክምሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ አፍንጫው ላይ አስጠግቶ አሸተተ፣ ሳለ፣ መልሶ አሸተተ፣ ከዚያ አካፋውን ከማንሣቱ በፊት ቀና ብሎ አየኝ።

«የዛሬው ለማን ነው?»